ቲዩብ ወይስ ትራንዚስተር? የቤዝ ጊታር አምፕ አመራረጥ በስምንት ደረጃ

አምፕ ሊገዛ የተነሳ ቤዝ ተጫዋች ሁለት ዓይነት ምክር አያጣም። አንዱ «ቲዩብ ካልሆነ ቤዝ አይባልም» ይለዋል። ሌላው «በዚህ ዘመን ማን ብረት ይሸከማል?» ብሎ ይስቅበታል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ራሳቸው መድረክ ነው። የመጀመሪያው ሰፊ አዳራሽ፣ ዕቃ የሚያወርዱ ረዳቶችና የማይዋዥቅ መብራት ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምናልባት ልምምድ የሚሄደው በሚኒባስ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከእርስዎ መድረክ ነው። ድምፁን ወደ መጨረሻው እንሰማዋለን።

በቅድሚያ ቃላቱን እናስማማ። ቲዩብ አምፕ የምንለው ድምፁን እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላውን ነው። ትራንዚስተር አምፕ ይህንኑ ሥራ በትንንሽ ትራንዚስተሮች ይሠራል። ክላስ ዲ የሚባሉት ቀላል አምፖችም ከዚሁ ወገን ናቸው። በመካከላቸው ሃይብሪድ አለ፤ የድምፁን ቃና የሚሠራው ፕሪአምፕ ቲዩብ፣ ጉልበት የሚሰጠው ፓወር አምፕ ደግሞ ትራንዚስተር የሆነ ማለት ነው።

ከቤት ሲወጡ የራስዎን ቤዝ፣ የራስዎን ኬብል፣ ዲጂታል ቴስተር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ደብተር ይያዙ። ደብተሩ እስከ መጨረሻው ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 1፦ የሚጫወቱባቸውን ቦታዎች ይዘርዝሩ

ባለፉት ሦስት ወራት የተጫወቱባቸውን ቦታዎች በሙሉ በደብተርዎ ይጻፉ፤ ቤት፣ የልምምድ ክፍል፣ ክለብ፣ የሠርግ አዳራሽ፣ ቤተ ክርስቲያን። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሦስት ነገር ያስፍሩ። ከበሮ አለ? የቤዙ ድምፅ በሚክሰር አልፎ በአዳራሹ ስፒከሮች ይወጣል? «ቀንሱ» የሚል ሰው አለ?

ይህ የሚያስፈልገው የአምፑን ዋት ለመወሰን ነው፤ ዋት ደግሞ ዋጋንና ክብደትን ይዞ ይመጣል። ቤዝ ከተራ ጊታር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ወፍራሙ የኢ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል፣ በባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ ያለው የቢ ክር ደግሞ 31 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ለማሰማት ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት።

ለመነሻ ያህል፣ ለቤት ልምምድ ከ15 እስከ 50 ዋት ይበቃል። ከበሮ ባለበት ልምምድና አነስተኛ መድረክ ላይ ከ200 እስከ 300 ዋት ያለው ትራንዚስተር ይሠራል። የአዳራሽ ስፒከር በሌለበት መድረክ ከ400 እስከ 500 ዋት ያስቡ። ቤዝዎ በሚክሰር የሚወጣ ከሆነ ግን ሕዝቡ የሚሰማው አምፕዎን ሳይሆን የአዳራሹን ስፒከር ነው። አምፑ ያኔ ለእርስዎና ለከበሮ መቺው መደማመጫ ብቻ ስለሚሆን ትንሹ ይበቃል።

የተለመደው ስህተት ዋት ማሳደድ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው 10 ዴሲቤል ያህል ሲጨምር ነው፤ ይህም ዐሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ ከ300 ዋት ወደ 500 ለመሻገር ከሚከፍሉት ገንዘብ ይልቅ በዚያው ገንዘብ ሁለተኛ ስፒከር ቢገዙ የበለጠ ይሰማሉ።

ደረጃ 2፦ አምፑ ሲጨነቅ የሚያደርገውን ይወቁ

ሁለቱ ዓይነቶች ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ልዩነታቸው ከሚወራው ያነሰ ነው። ጠባያቸው የሚለየው አቅማቸው ጫፍ ሲደርስ ነው። ቲዩብ ሲጨነቅ የድምፁን ጫፍ ቀስ ብሎ ያጎብጠዋል፤ ኃይለኛውን ምት ይጨምቃል፣ ደካማውን ያቀርባል፣ ጆሮ የሚወደውን ሻካራነትም ይጨምርበታል። ትራንዚስተር እስከ ጫፉ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይሄድና ጫፉን በመቀስ እንደተቆረጠ ያህል ይቆርጠዋል። የቲዩብ ዋት ከትራንዚስተር ዋት የበለጠ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከጫፉ አልፎ ሲገፋ ጆሮ ይታገሠዋል።

ሌላው ልዩነት ስፒከሩን የመያዝ ጉዳይ ነው። ትራንዚስተር የስፒከሩን ወረቀት አጥብቆ ይይዛል፤ ኖታው ሲያልቅ ወዲያው ይቆማል። ቲዩብ ጥቂት ይለቅለታል፤ ኖታው ከቆመ በኋላም ትንሽ ይዘገያል።

ይህንን ከሚጫወቱት ጋር ያዛምዱት። ፈጣን ችክችካ ላይ ኖታዎቹ ተራርቀውና ጠርተው እንዲሰሙ ከፈለጉ አጥብቆ የሚይዘው ትራንዚስተር ይረዳዎታል። ዝግ ባለ ትዝታ ላይ አንድ ኖታ ረዝሞ እንዲሞቅ ከፈለጉ ቲዩብ ያምርልዎታል። ይሁን እንጂ «ታላቅ ድምፅ ያለ ቲዩብ አይገኝም» ለሚልዎ ሰው ጃኮ ፓስቶሪየስን ይጥቀሱለት። ዓለም የሚያውቀውን ድምፁን መድረክ ላይ ያሰማው አኩስቲክ 360 በተባለ የትራንዚስተር አምፕ ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ትልቅ ቲዩብ ገዝቶ ድምፁን ሁለት ቁጥር ላይ ማቆም ነው። ባለ 300 ዋት ቲዩብ ሰዎች እራት እየበሉ በሚያወሩበት ምግብ ቤት ውስጥ ጫፉ ጋ ፈጽሞ አይደርስም። የከፈሉበትን ሙቀት ሳይሰሙ ክብደቱን ብቻ ተሸክመው ይመለሳሉ። በደረጃ 1 ዝርዝርዎ ላይ «ቀንሱ የሚል አለ» የሚለው ከበዛ ትልቁን ቲዩብ እዚሁ ይሰርዙት።

ደረጃ 3፦ መብራቱን ይለኩ

ቴስተሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርገው የልምምድ ክፍልዎን ሶኬት ይለኩ። አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ መብራት በሚጠቀምበት በምሽት ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ። በኢትዮጵያ የሚጠበቀው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከዚህ እጅግ ወርዶ ወይም ወጥቶ ካገኙት ቮልቱን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር በበጀትዎ ውስጥ ይግባ። ቮልቱ ሲወርድ ቲዩብ በደንብ ሳይግል ይደክማል። ሲወጣ ደግሞ ፊውዝ፣ አልፎም ቲዩብ ይበላል። የክላስ ዲ አምፕ አብዛኛውን ጊዜ መዋዠቁን ይችለዋል፤ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል።

ቀጥሎ የአምፑን ጀርባ በእጅ ባትሪ ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ብዙውን ጊዜ 120 ቮልት ይላል። 220 ላይ በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላል። ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የመጣው 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሚል በቀጥታ ይሠራል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ራሱ ያስተካክላል። ነገር ግን ቀላል አምፕ ሁሉ እንዲህ ነው ብለው አይገምቱ፤ የተጻፈውን ያንብቡ።

ለ120 ቮልቱ አምፕ ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ የትራንስፎርመሩ አቅም የሚመዘነው አምፑ ከመብራት በሚወስደው ዋት እንጂ በሚያወጣው የድምፅ ዋት አይደለም፤ ጀርባው ላይ ከተጻፈው የፍጆታ ቁጥር እጥፍ ያህል ይግዙ። ሁለተኛ፣ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ጀርባው ላይ 60 ኸርዝ ብቻ የሚል አምፕ በ50 ኸርዝ ሲሠራ የውስጥ ትራንስፎርመሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ 50/60 የሚለውን ይምረጡ። ሦስተኛ፣ የመሬት ሽቦው በትራንስፎርመሩ ውስጥ ማለፉን በቴስተር ያረጋግጡ፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ይህ የላቸውም።

የመሬቱን ነገር አቅልለው አይዩት። «ሁም (የማያቋርጥ እምምታ) ያሰማል» ተብሎ የሶኬቱ የመሬት እግር የተቆረጠበት አምፕ ክሩን ይዘው ከንፈርዎ ማይክ ሲነካ ሊገድልዎ ይችላል። አዲስ ቦታ ሲደርሱ ከመዝፈንዎ በፊት በማይኩ ብረትና በቤዝዎ ክር መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ይቀጥሉ። በዐሥር ቤት የሚቆጠር ቮልት ካዩ ማይኩን አይንኩ፤ መጀመሪያ ይስተካከል።

ደረጃ 4፦ ሚዛን ላይ ያውጡት

ቲዩብ አምፕ የሚከብደው በመስታወቱ አይደለም፤ ቲዩቡ ያለ ትልልቅ የብረት ትራንስፎርመሮች ስለማይሠራ ነው። አምፔግ ኤስቪቲ-ሲኤል የተባለው ባለ 300 ዋት ቲዩብ ስፒከሩ ሳይቆጠር 36 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አብሮት የሚታየው ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን የያዘው ሳጥን ደግሞ ብቻውን ከ60 ኪሎ በላይ ነው። በአንጻሩ ማርክቤዝ ሊትል ማርክ 3 የተባለው ትራንዚስተር 500 ዋት እያወጣ 3 ኪሎ አይሞላም።

አሁን ይህን ከኑሮዎ ጋር ያስተያዩት። መኪና አለዎት? የልምምድ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍቱ መብራት ሲጠፋስ? ከውጭ ሀገር በዘመድ ሻንጣ የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች አንድን ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ እንደማይቀበሉ አይርሱ። ትልቁ ቲዩብ በካርጎ እንጂ በሻንጣ አይመጣም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አምፑን ሱቅ ውስጥ አንዴ አንስቶ «እችለዋለሁ» በማለቱ ነው። ይልቅ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሠርግ ሲመለሱ ደረጃ እየወጡበት እንደሆነ አድርገው ያስቡ።

ደረጃ 5፦ ኦሙን ያስማሙ

እያንዳንዱ ስፒከር ለአምፑ የሚያሳየው የመቋቋም ልክ አለው፤ በኦም ይለካል። በቤዝ ዘንድ የተለመዱት 8 ኦምና 4 ኦም ናቸው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች አንድ አምፕ ላይ በተለመደው መንገድ ጎን ለጎን ሲሰኩ በአንድነት 4 ኦም ይሆናሉ። ሁለት ባለ 4 ኦም ደግሞ 2 ኦም ይሆናሉ። የስፒከሩ ጀርባ ላይ የኦሙ ጽሑፍ ከጠፋ የስፒከር ኬብሉን ሰክተው በኬብሉ ጫፍ በቴስተር ይለኩ። ባለ 8 ኦሙ ስፒከር 6 አካባቢ፣ ባለ 4 ኦሙ ደግሞ 3 አካባቢ ያሳያል።

ሁለቱ አምፖች የሚፈሩት ነገር ተቃራኒ ነው። ትራንዚስተር ከተጻፈለት ዝቅተኛ ኦም በታች መውረድን ይፈራል፤ «ቢያንስ 4 ኦም» በሚል አምፕ ላይ 2 ኦም ከሰኩ ይግላል፣ ይጠፋል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ስፒከር ባይሰካበት ግን ምንም አይሆንም። ቲዩብ የሚፈራው ያለ ስፒከር መሥራትን ነው። ስፒከር ሳይሰካ ከተጫወቱበት ውድ የሆነው የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊበላሽ ይችላል። በጀርባው ያለው የኦም መምረጫም ከስፒከሩ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ኬብሉንም ይለዩ። ከቤዝ ወደ አምፕ የሚሄደው ቀጭን ኬብልና ከአምፕ ወደ ስፒከር የሚሄደው ኬብል ጃካቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው ለየቅል ነው። ቀጭኑን ለስፒከር ከተጠቀሙ ይግላል፤ ቲዩብ ላይ ደግሞ መሐል ላይ ተቋረጠ ማለት አምፑ ያለ ስፒከር ቀረ ማለት ነው። ሁለቱን በተለያየ ቀለም ፕላስተር ምልክት ያድርጉባቸው።

ደረጃ 6፦ ከአምፑ በፊት ጠጋኙን ያግኙ

ቲዩብ እንደ መኪና ጎማ ያልቃል። በየሳምንቱ ለሚጫወት ሰው የፓወር ቲዩቦች ዕድሜ የሚቆጠረው በጥቂት ዓመታት ነው። የሚቀየሩትም እንደ ስብስብ ነው፤ ኤስቪቲ-ሲኤል ለምሳሌ ስድስት 6550 የሚባሉ ቲዩቦች አሉት፤ ጠባያቸው የተመሳሰለ ሆነው ተመርጠው ይገዛሉ። ከዚያም ባያስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ልክ በባለሙያ ይስተካከላል። ትንንሾቹ የፕሪአምፕ ቲዩቦች፣ በተለይ 12ኤኤክስ7 የሚባለው፣ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ያግኙ። በከተማዎ ቲዩብ አምፕ ከፍቶ የሚያውቅ ቴክኒሻን ማን ነው? መለዋወጫ ቲዩቡ ከየት፣ በስንት ቀን ይመጣል? መልሱ «እናያለን» ከሆነ ቲዩቡን ከነሙሉ መለዋወጫው ይግዙ፤ ካልሆነ ይተዉት።

ራስዎ ከፍተው ለማየት ፈጽሞ አይሞክሩ። በትልልቅ ቲዩብ አምፖች ውስጥ 700 ቮልት የሚደርስ ኃይል አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ተጠራቅሞ ሊቆይና ሊገድል ይችላል።

ትራንዚስተሩም ያለ እንክብካቤ አይኖርም። የድሮዎቹን ከባድ ትራንዚስተሮች ጥሩ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ብዙ ጊዜ ያድናቸዋል። ክላስ ዲ ሲበላሽ ግን ክፍሎቹ ጥቃቅንና የተጠጋጉ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቦርዱ ይቀየራል። ስለዚህ ለክላስ ዲ ዋስትናና የቦርድ አቅርቦት ይጠይቁ፤ አቧራ ማራገቢያውን እንዳይደፍነው ደግሞ በየጊዜው ያጽዱ።

ደረጃ 7፦ አሁን ይስሙት

የራስዎን ቤዝና ኬብል ይጠቀሙ፤ የሱቁ ውድ ቤዝ ማንኛውንም አምፕ ያሳምረዋል። የቃና ቁልፎቹን ሁሉ መሐል ላይ ያቁሙ። ሁለት አምፕ ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ፤ የስልክዎ ድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ለዚህ ይበቃል። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ «የተሻለ» ስለሚል በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

ሀ. ሳይጫወቱ ያድምጡ። ጥቂት ሁም ያለ ነው፤ እንደ መጥበሻ የሚንጫጫ ድምፅ ግን አይደለም።

ለ. ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያዙሩ፤ የሚንኮሻኮሽ ካለ ይጻፉ። ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል።

ሐ. በዝቅተኛ ድምፅ ከወፍራሙ ክር ጀምረው እያንዳንዱን ኖታ ይምቱ። አንዱ ብቻ የሚጮህ ወይም የሚጠፋ ካለ ስፒከሩን ይጠርጥሩ።

መ. መድረክ ላይ በሚጫወቱበት ከፍታ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጫወቱ። ብዙ ብልሽት የሚወጣው አምፑ ሲግል ነው።

ሠ. ቲዩብ ከሆነ መብራት አደብዝዘው በጀርባው ይመልከቱ። መሐል ላይ ያለው ብርቱካንማ ብርሃን ጤና ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚታይ ፈዛዛ ሰማያዊም ጤና ነው። ውስጥ ያለው ግራጫው ብረት ራሱ ከቀላ ግን ወዲያው ያጥፉት፤ ያ አምፕ ሕመምተኛ ነው።

ረ. ወደ ሚክሰር የሚወስደውን መውጫ ሰክተው ይሞክሩ። ቤተ ክርስቲያንና አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ የሚሰማዎት በዚያ በኩል ነው።

ሻጩ «መብራት ስለጠፋ ሌላ ቀን ትሰማዋለህ፤ ገንዘቡን ግን ዛሬ» ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ገንዘቡም ሌላ ቀን።

ደረጃ 8፦ ይወስኑ፤ በትክክልም ያስነሱት

ደብተርዎን ይግለጡ። ድምፅ ከፍ ማድረግ የሚቻልበት መድረክ፣ የታመነ መብራት፣ የሚሸከምና የሚጠግን ሰው፤ እነዚህ በሙሉ ካሉዎት ቲዩብ ይግዙ፤ ድካሙን ይክስዎታል። ከመካከላቸው አንዱ ከጎደለ ሃይብሪድ ይመልከቱ፤ ወይም ንጹሕ ትራንዚስተር ገዝተው ከፊቱ ቲዩብ የሚመስል የፕሪአምፕ ፔዳል ያስገቡ። ፔዳሉ በቦርሳ ይገባል፤ ሻካራውን ሙቀትም በትንሽ ድምፅ ይሰጥዎታል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከጎደሉ ክርክሩን ይተዉትና ቀላል ትራንዚስተር ይግዙ። የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ ስፒከር ላይ ያውሉት፤ የድምፅ ለውጥን ከሁሉ ይበልጥ የሚሰሙት ከስፒከሩ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አነሳስም ሥርዓት አለው። ስፒከሩን ይሰኩ፣ ድምፁን ዜሮ ያድርጉ፣ ከዚያ ያብሩት። በጄኔሬተር ከሆነ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ ይጠብቁ። ቲዩቡ ስታንድባይ የሚባል ሁለተኛ ማብሪያ ካለው መጀመሪያ ፓወሩን ብቻ ያብሩ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይግል፤ ከዚያ ስታንድባዩን ይክፈቱ። ሲጨርሱ ትኩስ ቲዩብ ወዲያው መኪና ላይ አይጫን፤ የጋለ መስታወትና ብረት መንገጫገጭን አይወድም። ሌላው ዕቃ እስኪሰበሰብ ይብረድ። ክላስ ዲውንም ጃኬት አይጣሉበት፤ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

ደብተሩንም አይጣሉት። አምፑ የተገዛበትን ቀን፣ ቲዩብ የተቀየረበትን ወር፣ በየአዳራሹ የለኩትን ቮልት መጻፍ ይቀጥሉ። አንድ ቀን አምፑ «ደከመ» ሲልዎ አምፑ ይሁን መብራቱ የሚነግርዎ እሱ ነው። ሊሸጡት ሲነሱም ገዢው የራሱን ቤዝና ቴስተር ይዞ ቢመጣ አይደንግጡ፤ የሚጠይቅዎት ሁሉ ተጽፎ በእጅዎ ይገኛል።